ገደማ የሚባል ቦታ የለም

እያንዳንዱ የጀርመን ገጠር አውራጃ ሦስት ነገር አያጣም፦ ጣሪያው የሚያፈስ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀን ሁለቴ ብቻ የሚመጣ አውቶቡስ፣ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ። ጣሪያው አንድ ቀን ይጠገናል፤ አውቶቡሱም አንድ ቀን ጨርሶ ይቀራል። ጡረተኛው ግን አይጠገንም፣ አይቀርምም። ለእኛ ለኦበርሃይደ አውራጃ ሰዎች የደረሱን የቀድሞው የመሬት ቀያሽ፣ የራድሚትስ መንደር ታሪክ ጸሐፊ፣ የስህተት ሁሉ ደመኛ፣ ክቡር ሄር ጎትሃርድ ሺመንትስ ነበሩ።

ራድሚትስ የምትባል መንደር የለችም። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ሄር ሺመንትስ "ነበረች ይባላል እንጂ የለችም አይባልም" ሲሉ ይሰማኛል። እሺ፣ ነበረች። በ1988 ከነቤተ ክርስቲያኗ፣ ከነጎተራዋ፣ ዋርካ ከሚያህሉ ዛፎቿ ጋር ለቡናማ ከሰል ሲባል ተቆፈረች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው ከእናቴ ጋር ካልስዶርፍ ከተማ ወዳለው ባለ አምስት ፎቅ የተዛወርነው። ከዚያ ከሰሉ አለቀ፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥትም አለቀ፣ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ። ውሃ ሞሉበትና ሐይቅ አሉት። በጋ ሲሆን ከበርሊንና ከድሬስደን የሚመጡ ሰዎች በእግር በሚነዱ ጀልባዎች ይንሸራሸሩበታል፤ ዳሩ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል።

እንግዲህ ከነዚህ እንግዶች አንዱ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ "ሐይቁ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀ እንበል።

"ሐይቅ የለንም" ይላሉ ሄር ሺመንትስ ከኋላው።

"ይቅርታ፣ ካርታው ላይ ግን..."

"ሐይቅ ማለት በበረዶ ዘመን በረዶ የቦረቦረው ነው። የእኛው ቀሪ ጉድጓድ ነው። ቀሪ ጉድጓድ ቁጥር አራት።"

ዳቦ ሻጯ ፍራው ሚኮሽ አዘኔታዋ ያስቸግራታልና እንግዳውን ለማዳን ትገባለች። "በዚህ ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው።"

ይህን ቃል ስትናገር ሰልፈኞቹ በሙሉ ዓይናችንን እንጨፍናለን።

"ገደማ?" ይላሉ ሄር ሺመንትስ። "ገደማ የሚባል ቦታ የለም፣ ፍራው ሚኮሽ! ገደማ የሚባል ሰዓትም የለም። ሁለት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ስድሳ ነው። ጤነኛ ሰው በሃያ ስምንት ደቂቃ ይደርሳል። እኚህ ሰውዬ ግን ወፈር ብለዋል፤ ሠላሳ አምስት ይበሏቸው።"

እንግዳው ዳቦውን ሳይገዛ ይወጣል። ሄር ሺመንትስ ግን አንድ ሰው ከጨለማ አወጣሁ ብለው እንዳመኑ ሁለት ክብ ዳቦ ያዛሉ።

እኔ በአውራጃችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጨረሻው ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ጋዜጣው ረቡዕ ይወጣል፤ የሄር ሺመንትስ ደብዳቤ ዓርብ ይደርሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖርን። "የተከበሩ ሄር ዶምሽ፣ በጽሑፍዎ ከካልስዶርፍ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ብለውታል። ኮረብታ አይደለም፤ በ1971 የተደፋ አፈር ነው። ከፍታውም መቶ ስድሳ ሜትር ገደማ ሳይሆን መቶ አምሳ ሰባት ነጥብ አራት ነው። ከአክብሮት ጋር።" አንድ ጊዜ ስለ እናቴ ልደት ጻፍኩና ረቡዕ ቀን ተወለደች አልኩ። ዓርብ "እናትዎ የተወለዱት ማክሰኞ ነው" የሚል መጣልኝ። እናቴን ብጠይቃት "እኔ ያኔ ቀን አልቆጥርም ነበር፤ እሱን ጠይቀው" አለችኝ።

በየክረምቱ ደግሞ በእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሽ "አውራጃችን ከበረዶ ዘመን እስከ ዛሬ" የሚል ትምህርት ይሰጣሉ። "እስከ ዛሬ" የሚለው ለማባበያ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናግረው በረዶው ገና አይቀልጥም። የድንች ሰላጣው ያልቃል፣ ቢራው ያልቃል፣ በረዶው እንዳለ ነው። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ላይ ለመድረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። እዚያ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ "በዚያ ዘመን ከአውራጃችን ሰው ከአሥሩ ሰባቱ አለቀ" አሉ። ከኋላ አንዱ "ዛሬም ከአሥራችን ሰባቱ ወጥቶ ሄዷል" ብሎ አሳቀን። ሄር ሺመንትስ አዳራሹን በዓይናቸው ቆጠሩ። "አሥራ ስድስት ነበራችሁ፤ ዘጠኝ ወጥቷል። ከአሥር አምስት ነጥብ ስድስት ነው" ብለው ወደ ጦርነቱ ተመለሱ።

አውራጃችን ከጎረቤት አውራጃ ጋር ሲዋሃድ የመኪና ታርጋችን ፊደል ተቀየረ። ሕዝቡ ለሁለት ሳምንት አጉረምርሞ ተወው። እሳቸው ግን ሃያ ዓመት አልተዉትም። ሕጉ ተለውጦ የድሮውን ፊደል ማውጣት የተፈቀደ ቀን፣ ቢሮው ሳይከፈት ብሎን መፍቻቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ተገኙ። የሚገርመው በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት አቁመዋል። መኪናዋ ትክክለኛውን ታርጋ ለጥፋ እስከ መጨረሻው ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ቀብር ላይ ሳይቀር ያርማሉ። ወጣቷ ፓስተር ኡሊሽ በመቃብር አፍ ላይ ቆማ "ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ በካልስዶርፍ ኖሩ" ስትል፣ "እስከ አርባ ሁለት ዓመታቸው በራድሚትስ!" የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ሟቹ አንዳንዴ ከሳጥኑ ወጥቶ "ልክ ናቸው" የሚል ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ለምደነው ነበር። አንጀታችንን ያሳረረን ግን የሙታን እሑድ የሠሩት ሥራ ነው።

የሙታን እሑድ በኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የዘመዱን መቃብር በጥድ ቅርንጫፍ ለክረምቱ ያለብሳል። የራድሚትስ ሙታን መንደሯ ሳትቆፈር በፊት ካልስዶርፍ ወዳለው መቃብር ተዛውረዋል፤ ስለዚህ ጠዋት እዚያ ሄደን እናለብሳቸዋለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውሃው ዳር እንሰበሰባለን። ቤተ ክርስቲያናችን የነበረችበት ቦታ ላይ መስቀል የተሳለበት ተንሳፋፊ ምልክት አለ፤ ፓስተሯ ወደዚያ ዞራ ትጸልያለች።

ሁሉም ሙታን አልተዛወሩም። እኛ አገር መቃብር ለዘላለም አይሰጥም። ያኔ ለሃያ አምስት ዓመት ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ቤተሰብ ቅጽ ሞልቶ ካላራዘመ መቃብሩ እንደሌለ ይቆጠራል። የፍራው ኤደልትራውት ሌኒክ ልጅ ሲግሪድ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖራ በ1962 ኤፕሪል ተቀበረች። ሃያ አምስት ዓመቷ የሞላው የሚዛወሩት ሙታን ዝርዝር ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ፍራው ሌኒክ በዚያ ሰሞን ባላቸው ሆስፒታል ተኝቶ እሱን ያስታምሙ ነበር፤ ቅጹን አልሞሉም። ሕፃኗ ከዝርዝሩ ወጣች። የከሰል ቆፋሪው ማሽን ሲመጣ ከመንደሩ አፈር ጋር አብራ ተቆፈረች።

ፍራው ሌኒክ በየዓመቱ በሙታን እሑድ የጥድ ጉንጉን ሠርተው ውሃው ላይ ያስቀምጣሉ። ጉንጉኑ አይሰምጥም። ነፋሱ ወደ ጀልባዎቹ ማሰሪያ ይመልሰዋል፤ ጀልባ አከራዩ በጸደይ አውጥቶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሳቸው ግን አንድም ሰው ነግሯቸው አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ እሑድ ፓስተር ኡሊሽ ጸሎቷን ጀመረች። "ከዚህ ውሃ በታች ራድሚትስ አርፋለች..."

"አላረፈችም" አሉ ሄር ሺመንትስ።

"ሄር ሺመንትስ፣ እባክዎ፣ ዛሬ እንኳ..."

"ከዚህ ውሃ በታች ምንም የለም። ማሽኑ አፈሩን ከዚህ ቆፍሮ ወዲያ ማዶ ነው የደፋው። ፍራው ሌኒክ፣ ጉንጉኑን የሚያስቀምጡት የተሳሳተ ቦታ ነው። በአራት መቶ ሰማንያ ሁለት ሜትር ተሳስተዋል።"

ጀልባ አከራዩ "ኧረ አፍዎን ይዝጉ! ሰው አይደሉም እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ፍራው ሌኒክ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ዞሩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ከሰው ሁሉ እርስዎ ነዎት ይህን የሚነግሩኝ?" አሉ። ከዚያ ጉንጉኑን እንደ ወትሮው ውሃው ላይ አስቀመጡ።

ሄር ሺመንትስ እንደዚያ ፊታቸው ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አላዘንኩላቸውም። ደሜ ፈልቶ ነበር። በዚያ ሳምንት ጋዜጣ ላይ "ከሰው ይልቅ ሜትር የሚወድ ሰው" ብዬ ያለ ምሕረት ጻፍኩባቸው። አውራጃው በሙሉ አመሰገነኝ፤ ፍራው ሚኮሽ አንድ ኬክ በነጻ ሰጠችኝ።

ዓርብ ደብዳቤ አልመጣም። በሚቀጥለውም ዓርብ አልመጣም። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ይልቁንም በየሰዓቱ ወደ ደብዳቤ ሳጥኑ እየሄድኩ ራሴን ታዘብኩት። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ።

"ሄር ዶምሽ፣ መኪና አለዎት።"

"አለኝ" አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

"ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፍራው ሌኒክም አብረውን ይመጣሉ። ቦት ጫማ ያድርጉ።"

"ፍራው ሌኒክ? ከእርስዎ ጋር?"

"መጀመሪያ ካርታውን አሳዩኝ አሉ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አዩት። ከዚያ እሺ አሉ።"

ቅዳሜ ዕለት ውርጭ ነበር። መኪናው ውስጥ ፍራው ሌኒክ ጭናቸው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ታቅፈዋል፤ ሄር ሺመንትስ የካርታ ማህደር ታቅፈዋል። ውሃውን ዞረን ማዶ ስንደርስ መንገዱ በሰንሰለት ተዘግቷል፤ ሰንሰለቱ ላይ "የሕይወት አደጋ፤ መግባት ክልክል ነው" የሚል ቢጫ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተደፋ አፈር ልቡ አይታወቅም፤ ውሃ ሲጠጣ ሳይታሰብ ከነዛፉ ይሰምጣል።

"ለማዕድን መሥሪያ ቤቱ ስድስት ዓመት ጻፍኩላቸው" አሉ ሄር ሺመንትስ። "ስድስት ጊዜ አይቻልም አሉኝ። አርባ ዓመት ምልክት ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እስካለፈው ሳምንት አንዱንም አልፌ አላውቅም ነበር።" ይህን ብለው ሰንሰለቱን አነሡና አሳለፉን። "ከዚህ እስከ ሦስተኛው እንጨት አፈሩ በ1994 ተጠቅጥቋል። ከእግሬ ግራ እንዳትወጡ።"

ባለ ጎማው መደገፊያ አሸዋው ላይ አልሄድ አለ። ትተነው ፍራው ሌኒክን ግራና ቀኝ ደግፈን ሄድን። ቦታው ቀጫጭን የበርች ዛፎች የበቀሉበት ተዳፋት ነው፤ ወፍ እንኳ አልነበረም። ሄር ሺመንትስ ጫፋቸው ነጭ የተቀባ አራት እንጨቶች ተክለውበት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

"በየፈረቃው ማሽኑ የት እንደቆመ የሚመዘገብበት ደብተር ነበር" አሉ። "ሊጣል ሲል ከቆሻሻ አወጣሁት። ሰባት ዓመት ሠራሁበት። ሲግሪድ የነበረችበት የመቃብሩ ደቡብ አጥር የተቆፈረው በ1988 ኦክቶበር ሦስትና አራት ነው። አፈሩ በማሽኑ ረጅም የብረት ድልድይ ተሻግሮ የወደቀው እዚህ ነው።"

"የት ጋ ናት?" አሉ ፍራው ሌኒክ።

"በአራቱ እንጨቶች መካከል።"

"እሱን አየሁት። የት ጋ ናት ነው የምልዎት።"

ሄር ሺመንትስ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቁጥር ጠበቅኩ፤ ነጥብ ያለው ቁጥር። ካርታውን ገለጡት፣ መልሰው አጠፉት። ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

"እዚህ ገደማ" አሉ።

እኔ ወደ ዛፎቹ ዞርኩ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

"ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ ሄር ሺመንትስ።

"አውቃለሁ። ቢሮዎ መጥቼ አልነበር? አሥራ አንድ ቀን ነው ያለፈው፣ ይጨምሩልኝ ብዬ ለመንኩዎት። 'አሥራ አንድ ቀን አሥራ አንድ ቀን ነው' አሉኝ።"

"ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። አንድ መስመር ነበር የሚፈጀው።"

"አዎ" አሉ ፍራው ሌኒክ። "አንድ መስመር ነበር።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የወጋውም አልረሳም ነበር። እኛ የሳቅንበት ያ ሁሉ ማረም፣ ያ ሁሉ ነጥብ፣ ያ ሁሉ የዓርብ ደብዳቤ ከምን እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በጋዜጣ የጻፍኩት እያንዳንዱ ቃል ተመልሶ ፊቴን መታኝ።

"ይቅር አላልኩዎትም" አሉ ፍራው ሌኒክ።

"አልጠየቅሁም" አሉ ሄር ሺመንትስ።

"እንግዲያው ይንበርከኩ። እኔ ጉልበቴ አይታዘዝም።"

የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ ውርጩ ላይ ተንበረከኩ። ፍራው ሌኒክ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያቀብላሉ፣ እሳቸው ያነጥፋሉ።

"ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ግራ።"

"ስንት ሴንቲ ሜትር?"

"ትንሽ ነው ያልኩዎት!"

ሄር ሺመንትስ ትንሽ ወደ ግራ አደረጉት።

በሚቀጥለው ዓርብ ደብዳቤ መጣ። "የተከበሩ ሄር ዶምሽ፣ ስለ እኔ በጻፉት ላይ ስህተት አላገኘሁም። ሆኖም የሙታን እሑድን ኖቬምበር 23 ብለዋል፤ 24 ነበር። ከአክብሮት ጋር።" ደብዳቤውን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ካነሣሁት አይቀር ሌላም ልናዘዝ፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጽሑፌ ውስጥ አንድ ስህተት ሆን ብዬ አስገባ ነበር። ወንዝ አሳጥራለሁ፣ ድልድይ በአንድ ዓመት አስረጃለሁ። አንዱም አላመለጣቸውም። የአውራጃዬ አንባቢዎች፣ ለነዚያ ወንዞች ይቅርታ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሲሞቱ እንኳ አላረፍንም። ፓስተር ኡሊሽ መቃብራቸው አፍ ላይ "ሰማንያ አራት ዓመት ገደማ ኖሩ" ስትል፣ ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሳጥኑ ዞርን። ምንም አልተሰማም። ጀልባ አከራዩ፣ ያ አፍዎን ይዝጉ ብሎ የጮኸው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ የሙታን እሑድ ነበር። ውሃው ዳር ተሰበሰብን፤ ከአምናው አራት ሰው ጎድለናል። ፓስተሯ መጽሐፏን ከፍታ "ከዚህ ውሃ በታች..." ብላ ጀመረችና ቆመች። የምትጠብቀውን እናውቃለን፤ እኛም እየጠበቅን ነበር። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ፍራው ሌኒክ ቀደሙኝ።

"ውሃ ብቻ ነው ያለው" አሉ። ጉንጉኑ መደገፊያቸው ቅርጫት ላይ ነበር፤ ወደ ውሃው አላነሡትም። "ልጄ ያለችው ማዶ ነው። አራት መቶ ሰማንያ ሁለት ሜትር።"

"ገደማ ነው፣ አይደል ፍራው ሌኒክ?" አለ ጀልባ አከራዩ በለሆሳስ።

ፍራው ሌኒክ ቀና ብለው አዩት፤ ያቺን አስተያየት ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ አውቃታለሁ።

"ሜትሩ ልክ ነው" አሉት። "ሄር ሺመንትስ በዕድሜያቸው ገደማ ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ያሉት ለእኔ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "ሄር ዶምሽ፣ መኪና አለዎት" አሉኝ።

ቦት ጫማዬን አድርጌ ነበር የመጣሁት።